ያየ ይመስክር፦ ስልክ፣ ተቃውሞና ወሬ በድሬዳዋ

ሙቀቱ በረድ ሲል ወንበራችሁን ደጃፍ ላይ አውጥታችሁ የተቀመጣችሁ፣ ባጃጅ ውስጥ ሆናችሁ የምትሰሙን፣ በርጫ ላይ ያላችሁ፣ ሱቃችሁን ልትዘጉ የምታሰናዱ፣ ሁላችሁም እንኳን አብረን አመሸን። የዛሬው ዝግጅታችን በእያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ ስላለው ስልክ ነው። ስልኩ በተቃውሞ ጊዜ ምን እንደሠራ፣ ምን እንዳበላሸ፣ እኛ የድሬ ልጆችስ እንዴት ልንይዘው እንደሚገባ እናወራለን።

ወሬዬን የምጀምረው ግን ከፌስቡክ አይደለም። ከደቻቱ ነው።

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም.። ዕድሜው የሚፈቅድለት የድሬ ሰው ይህቺን ሌሊት አይረሳትም። ከላይ ከሐረርጌ ደጋ የወረደው ውሃ፣ ሰው በተኛበት በደቻቱ ሞልቶ መጣ። በቀን አሸዋውን እየረገጥን የምንሻገረው፣ ነጋዴ ዕቃውን የሚዘረጋበት፣ ልጆች ኳስ የሚያንከባልሉበት ያ ደረቅ ወንዝ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ይዞ ሄደ። ሺዎች ቤታቸውን አጡ። በቀፊራና በአሸዋ በኩል የነበሩ ሰዎች ያን ሌሊት ዛሬም የሚያወሩት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ያን ሌሊት ደጋ ላይ ያለ ሰው የጎርፉን አመጣጥ አይቶ፣ ቆላ ላለው ወንድሙ «ውጣ፣ ልጆችህን ይዘህ ውጣ» ብሎ በስልኩ አጭር የጽሑፍ መልእክት ልላክ ቢል አይችልም ነበር። የጽሑፍ መልእክት አገልግሎት በመላ ኢትዮጵያ ተዘግቶ ነበርና። የተዘጋው በሰኔ 1997 ዓ.ም. ከምርጫው በኋላ አዲስ አበባ ላይ ተቃውሞ ሲነሳ ነው። የምርጫ ዘመቻው ሰሞን ቴክስት ከስልክ ስልክ እየዞረ ሰው ይቀሰቅስ ነበር፤ ተቃውሞው ሲመጣ በሩ ተዘጋ። የተከፈተው ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በሚሊኒየሙ መባቻ፣ በመስከረም 2000 ዓ.ም. ነው። የደቻቱ ጎርፍ የመጣው በዚያ መሃል ነበር።

ልብ በሉልኝ። ያኔ ድሬ ላይ ሞባይል የያዘ ሰው ጥቂት ነበር። ሌሊት ነው፤ ሰው ተኝቷል። ደውሎ መቀስቀስም ይቻል ነበር። ስለዚህ ቴክስቱ ክፍት ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ነፍስ ይተርፍ ነበር ብዬ አልናገርም፤ በሙታን ስም እንዲህ ያለ ነገር በድፍረት አይባልም። የምለው ይህን ነው፦ ያ በር ሲዘጋ ታስቦ የነበረው ስለ ሰልፍ ብቻ ነው። ስለ ጎርፍ ያሰበ አልነበረም። መልእክት ግን አንድ መንገድ ነው ያለው፤ ተቃውሞም፣ ማስጠንቀቂያም፣ የልደት ምኞትም፣ የሞት መርዶም የሚሄዱት በዚያው ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። ሰው የራሱን ዜና ራሱ ማሰራጨት የጀመረው በስልክ ዘመን አይደለም። በንጉሡ ዘመን አዋጅ ነጋሪ ገበያ መሃል ቆሞ ነጋሪቱን ይጎስምና «ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ይል ነበር። ዛሬ ሼር የምንለው ነገር ከዚህ በምን ይለያል? ትእዛዙ ያው ነው፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ። ልዩነቱ ያኔ ነጋሪት የነበረው አንድ ሰው ነው፤ ዛሬ ሁላችንም ነጋሪት ይዘናል። ደግሞ በሌላው በኩል ንጉሥ የሕዝቡን ልብ ማወቅ ሲፈልግ «እረኛ ምን አለ?» ብሎ ያስጠይቅ ነበር ይባላል። እረኛ ሜዳ ላይ የሚያንጎራጉረው ባለሥልጣን የማይነግረውን ነውና። ያ እረኛ ዛሬ ቲክቶክ ላይ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን እኛ የምሥራቅ ሰዎች ልናውቀው የሚገባ ትምህርት ቤት ጎረቤታችን ዘንድ አለ። የአፋር ወገኖቻችን ዳጉ የሚሉት ነገር አላቸው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላም ተባብለው አይተላለፉም። አረፍ ይላሉ። አንዱ ይጠይቃል፤ ሌላው ከየት እንደመጣ፣ መንገድ ላይ ምን እንዳየ፣ ምን እንደሰማ፣ ከማን እንደሰማ በተራ ይናገራል። ከዚያ ተራው ይዞራል። በዚህ ዓይነት የዝናቡ፣ የግጦሹ፣ የግጭቱ፣ የሞቱ ወሬ ሬዲዮ በሌለበት በረሃ ውስጥ በሚያስገርም ፍጥነት ይዳረሳል።

ዳጉን የማደንቀው ስለ ፍጥነቱ አይደለም። ያየውንና የሰማውን ስለሚለይ ነው። በዳጉ «አይቻለሁ» ማለትና «ሰምቻለሁ» ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሰማ ከማን እንደሰማ ይጠየቃል። ውሸት የተያዘበት ሰው በማኅበረሰቡ ዘንድ ቃሉ ይረክሳል፤ በበረሃ ደግሞ ቃሉ የረከሰ ሰው ብቻውን ነው የሚቀረው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። እዚያ በተሳሳተ ወሬ የተነዳ ሰው ከብቱን ወደሌለ ውሃ ይዞ ሄዶ ያልቃል። ዛሬ ስለ ዜጋ ጋዜጠኝነት በየመጽሐፉ የሚጻፈው ብዙው ነገር ዳጉ ውስጥ አለ።

አሁን ወደ ዘመናችን። በኢትዮጵያ ማኅበራዊ ሚዲያ የተቃውሞ አደባባይ የሆነበትን ጊዜ ስናነሳ ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣልኝ «ድምፃችን ይሰማ» ነው። በ2004 ዓ.ም. አወሊያ ትምህርት ቤት ላይ የተጀመረው የሙስሊሙ ማኅበረሰብ ጥያቄ በዚህ ስም በተከፈተ የፌስቡክ ገጽ ይመራ ነበር። ገጹ የሚቀጥለው ጁምዓ ምን እንደሚደረግ ይናገራል፤ በዚህ ሳምንት ዝምታ ነው፣ በዚህ ሳምንት እጅን አጣምሮ ማንሳት ነው፣ በዚህ ሳምንት እንዲህ ያለ ቀለም ነው እያለ። አርብ ሲደርስ በአንዋር መስጊድና በክልል ከተሞች ሰው የተባለውን ያደርጋል። የማኅበረሰቡን ጥያቄ ይዞ የነበረው ኮሚቴ አባላት ታሰሩ፤ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። እንቅስቃሴው ግን እነሱ እስር ቤት እያሉም ቀጥሎ ነበር። ወደዚህ ታሪክ የሚመልሰኝ ገጹ ሰውን ወደ አደባባይ ሲጠራ ሰላማዊነትን በየሳምንቱ ይደጋግም የነበረ መሆኑ ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ ድንጋይ ሳያነሳ መውጣትና መግባቱ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። ጥሪው ራሱ ልጓም ነበረው።

በዚያው ሰሞን ዞን 9 የተባለ የጦማሪያን ስብስብ መጣ። ስሙን ያገኙት ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ነው። ማረሚያ ቤቱ ስምንት ዞኖች አሉት፤ ዘጠነኛው ዞን ከአጥሩ ውጭ ያለነው ነን የሚል ትርጉም ነበረው። ሚያዝያ 17 ቀን 2006 ዓ.ም. ስድስቱ ጦማሪያንና ሦስት ጋዜጠኞች መታሰር ጀመሩ። ጦማሪያኑ ደመወዝ የሚከፍላቸው ጋዜጣ አልነበራቸውም፤ ኮምፒውተር ከፍተው ስለሚያገባቸው ነገር የጻፉ ወጣቶች ነበሩ። በአገራችን ዜጋ በራሱ ብዕር ጋዜጠኛ ሲሆን ዋጋው ምን ያህል እንደነበር ለማወቅ የእነሱን ጉዳይ ማስታወስ ይበቃል።

ከዚያ ኅዳር 2008 ዓ.ም. መጣ፤ ጊንጪ። ከጊንጪ የተነሳው የኦሮሞ ወጣቶች ተቃውሞ ስልክን ከምስክርም አልፎ መሣሪያ አደረገው። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ወረቀት ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ሲወጣ አገሪቱ ሙሉ ፈተናውን ሰርዛ እንደገና ለመስጠት ተገደደች። ከዚያ በፊት በተቃውሞው ትምህርታቸው የተስተጓጎለባቸው የኦሮሚያ ተማሪዎች ፈተናው እንዲራዘም ጠይቀው ነበር። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ ኢሬቻ ላይ የሆነውን ያየነው ደግሞ በአብዛኛው በቦታው በነበሩ ሰዎች ስልክ ነው። በዚያን ቀን ስንት ሰው እንደሞተ ዛሬም ያከራክራል። አቧራውን፣ ጭሱን፣ ወደ ገደሉ የሚገፋፋውን ሰው ግን ማንም አልነበረም ሊል አይችልም፤ ተቀርጿልና። ብዙ ሳይቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ተቆረጠ።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቼ፣ እስካሁን ያወራሁት ስልክ ለደካማው ጉልበት ስለሰጠበት ነው። አሁን ደግሞ ወደ ቤታችን ልቅረብ፤ ይህኛው ለመናገርም ይከብዳል።

ድሬዳዋ የቆመችበትን ቦታ ታውቃላችሁ። በ1996 ዓ.ም. በወጣው ቻርተር ራሷን የምታስተዳድር፣ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት የሆነች ከተማ ናት። በአንድ በኩል ኦሮሚያ፣ በሌላ በኩል የሶማሌ ክልል አለ፤ ሁለቱም የእኔ ናት ይላሉ። መጋላ ላይ የሶማልኛው ሰላምታ ሳያልቅ ኦሮምኛው ይቀጥላል፤ ከዚራ ደርሰን አማርኛ እናወራለን፤ መሃል ላይ ሐረሪው፣ ጉራጌው፣ ዓረቡ አለ። ይህ ውበታችን ነው። ወሬ ሲገባ ግን ይህ ቅልቅል አደጋ አለው። አንድ ቪዲዮ ድሬ ሲደርስ በሦስት ቋንቋ ሦስት ጽሑፍ ይለጠፍበታል። በአማርኛው ተጠቂ የሆነው በሶማልኛው አጥቂ ይሆናል፤ በኦሮምኛው ደግሞ ሌላ ታሪክ። የአንዱን ቋንቋ የሚያነብ የሌላውን ስለማያነብ አንድ ግቢ ውስጥ የሚኖሩ ሁለት ጎረቤቶች ስለ አንድ ቀን ሁለት ቀን ይዘው ያድራሉ።

በመስከረም 2010 ዓ.ም. የሆነውን አስታውሱ። እዚሁ አጠገባችን አወዳይ ላይ ሰዎች ተገደሉ። የኦሮሚያ ክልል ቃል አቀባይ በፌስቡክ ገጻቸው 18 ሰው ሞተ አሉ። የሶማሌ ክልል ቃል አቀባይ በፌስቡክ ገጻቸው ከ50 በላይ አሉ። ሁለቱም የመንግሥት ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም ደመወዛቸውን ከሕዝብ ግብር ይቀበላሉ። ቀኑን ሙሉ በፌስቡክ ተወነጃጀሉ። በእነዚያ ወራት በሁለቱ ክልሎች ድንበር በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተፈናቀለ፤ ከፊሉ እኛው ድሬ ውስጥ ተጠለለ። ያን ያህል መከራ የመጣው በፌስቡክ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። የወሰን፣ የመሬት፣ የጦር መሣሪያ፣ የንግድ ጥያቄ ነበረበት። ነገር ግን እሳት በተነሳበት ሰዓት ኃላፊነት ያለበት ሰው በእጁ ውሃ መያዝ ሲገባው ጋዝ መያዙን እኔ ይቅር ብዬ አላውቅም። ማኅበራዊ ሚዲያ ሲበላሽ ጣታችንን ወጣቱ ላይ ብቻ መቀሰር ልማድ ሆኗል። ያን ጊዜ ግን ምሳሌውን ያሳዩት ቢሮ ውስጥ ያሉት ናቸው።

ጥር 2011 ዓ.ም. ላይ ከጥምቀት ጋር ተያይዞ በተነሳው ሁከት የድሬ ወጣት አደባባይ ወጣ። ጥያቄዎቹ ውስጥ የሥራ አጥነት ነበረበት። 40-40-20 የሚባለው የሥልጣን ድልድልም ነበረበት፤ አርባው ለኦሮሞ ድርጅት፣ አርባው ለሶማሌ ድርጅት፣ ሃያው ለቀሪው። ከእነዚህ ሳጥኖች በአንዱ ውስጥ ልቡ ያልገባለት ወጣት፣ እናቱ ከአንዱ አባቱ ከሌላው የሆነ የድሬ ልጅ፣ እኔ የት ነኝ ብሎ ጠየቀ። ይህ ጥያቄ በሕገ ደንቡ ቢሮ ለቢሮ ሊሄድ ይገባው ነበር። የሚሰማው ቢሮ ሲያጣ ስልኩን ከፈተ። ተቃውሞ ፌስቡክ ላይ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ሌላው በር ሁሉ ተንኳኩቶ ሳይከፈት ሲቀር ነው።

ከዚያ ጥቅምት 12 ቀን 2012 ዓ.ም.። በዋዜማው ሌሊት አክቲቪስቱ አቶ ጃዋር መሐመድ ጠባቂዎቼ እንዲነሱ ታዘዋል የሚል መልእክት ፌስቡክ ላይ ጻፉ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተከታይ ነበራቸው። ሲነጋ አዲስ አበባ በራቸው ላይ ወጣቶች ተሰበሰቡ፤ በኦሮሚያ ከተሞች መንገድ ተዘጋ። ቀጥሎ የመጣው ከተቃውሞ ወጥቶ በሃይማኖትና በብሔር መጠቃቃት ሆነ። በኋላ ወጣቱ እንዲረጋጋ፣ መንገድ እንዲከፍት ቢጠሩም መንግሥት በሰጠው ቁጥር 86 ሰው ሞቶ ነበር። ድሬዳዋም ከእነዚያ ቀናት አላመለጠችም። አበው ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ጥቂት መስመር ጽሑፍ ሌሊት ትወጣለች፤ ሲነጋ ጸሐፊዋም ሊመልሳት አይችልም።

የሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ምሽት ደግሞ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ። በማግስቱ ኢንተርኔት ጠፋ፤ ለሦስት ሳምንት ገደማ። ሐረር ላይ የራስ መኮንን ሐውልት የፈረሰው በዚያው ሰሞን ነው። ያን ጊዜ የተባለው ኢንተርኔቱ የተዘጋው ጥላቻ እንዳይሰራጭ ነው። እውነት ነው፣ ጥላቻ ይሰራጭ ነበር። ግን ኢንተርኔት ሲጠፋ ወሬ ይጠፋል እንዴ? ወሬው በስልክ ጥሪ፣ በአፍ፣ ከባጃጅ ባጃጅ ቀጠለ። የጠፋው «ኧረ እኔ እዚያው ነኝ፣ እንዲህ የሚባል ነገር የለም» የሚለው ማስተካከያ ነው። ከውጭ አገር የሚነገረው ደግሞ አልተቋረጠም፤ የተቋረጠው እዚህ ያለው ዓይን ነው። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲታገዱም ሰው በቪፒኤን ገባ፤ ስልኩና እውቀቱ ያለው ገባ፣ እናታችን ቀረች። መዝጋት መፍትሔ ነው የሚለውን ሐሳብ እኔ አልቀበለውም። በደቻቱ ሌሊት የተዘጋውን በር ካስታወስን ሌላ ምክንያት መፈለግም አያስፈልግም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ደግሞ ከመድረኩ በስተጀርባ ያለውን አሠራር ላስረዳችሁ። ፌስቡክ ስትከፍቱ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ጽሑፍ በተጻፈበት ሰዓት ቅደም ተከተል አይደለም የሚመጣው። ብዙ ሰው የጮኸበት፣ ኮሜንት የሰጠበት፣ ሼር ያደረገው ወደ ላይ ይወጣል። ሰው ደግሞ ከደስታው ይልቅ በንዴቱ ብዙ ይጽፋል። ስለዚህ ማሽኑ ሳያውቀው ንዴትን ይመርጣል። የኩባንያው ሠራተኛ የነበሩት ፍራንሲስ ሃውገን በ2021 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ምክር ቤት ቀርበው ሲመሰክሩ ይህ አሠራር እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች የብሔር ግጭትን እያራገበ ነው ብለዋል። ይባስ ብሎ የእኛን ቋንቋዎች የሚያውቁ ተቆጣጣሪዎች ጥቂቶች ነበሩ። በእንግሊዝኛ ቢጻፍ የሚነሳ ስድብ በእኛ ቋንቋ ሲጻፍ ሰንብቶ ይታያል።

የዚህን ዋጋ ፕሮፌሰር መአረግ አማረ በሕይወታቸው ከፈሉ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ፤ ትግራዋይ። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ፎቶግራፋቸው፣ ስማቸውና የሚሠሩበት ቦታ ከክስ ጋር ፌስቡክ ላይ ተለጠፈ። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲነሱ ለኩባንያው አመልክቶ እንደነበር ይናገራል። በ2015 ዓ.ም. ናይሮቢ በሚገኘው የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሜታን ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም በ2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ። እነዚያን ጽሑፎች ሼር ያደረጉ ሰዎች አብዛኞቹ ፕሮፌሰሩን በዓይናቸው አይተዋቸው አያውቁም። ዳጉ ላይ ቢሆኑ ኖሮ የመጀመሪያው ጥያቄ ያስቆማቸው ነበር፦ አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?

ሕጉንም እወቁት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185 አለ። የጥላቻ ንግግር እስከ 2 ዓመት እስራት ያስቀጣል። ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ሰው ከ5,000 በላይ ተከታይ ያለው ከሆነ እስከ 3 ዓመት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር ሊቀጣ ይችላል። ይህ አዋጅ እውነተኛ ተቺን ለመያዣ እንዳይውል የሚሰጉ አሉ፤ የዞን 9ን ታሪክ የምናውቅ ሰዎች ስጋቱን አናናንቅም። ቢሆንም ተከታይ ብዙ ያለው ወንድሜ፣ ገጽህ ለሕግ ጋዜጣ ማለት እንደሆነ አትርሳ።

አሁን ስለ አንዲት ልጅ ልንገራችሁ። ዳርኔላ ፍሬዠር ትባላለች፤ የ17 ዓመት ልጅ ነበረች። ግንቦት 17 ቀን 2012 ዓ.ም. በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ ከተማ ወደ ሱቅ ስትሄድ አንድ ፖሊስ ጆርጅ ፍሎይድ የተባለ ሰው አንገት ላይ በጉልበቱ ተንበርክኮ አየች። ስልኳን አወጣች፤ እስከ መጨረሻው ቀረጸች። ፖሊስ በመጀመሪያ ያወጣው መግለጫ ሰውየው የጤና ችግር ገጥሞት ሞተ የሚል ነበር። የልጅቱ ቪዲዮ ሲወጣ መግለጫው ፈረሰ፤ ዓለም አደባባይ ወጣ፤ ፖሊሱ ተፈረደበት። በዓመቱ የፑሊትዘር ቦርድ ልዩ ሽልማት ሰጣት። ምን አደረገች? ታሪክ አልጨመረችም፣ ሙዚቃ አላስገባችም። ቆማ ያየችውን ያዘች።

ጎረቤታችን ኬንያም በ2000 ዓ.ም. ከምርጫ በኋላ ደም ሲፈስ ጥቂት ወጣቶች ሰው ከየሰፈሩ በቴክስትና በኢንተርኔት የሚልከውን ወሬ ካርታ ላይ የሚያሰፍር ሥርዓት ሠሩ። ስሙን ኡሻሂዲ አሉት፤ በስዋሂሊ ምስክርነት ማለት ነው። እኛ ቴክስት ከተከፈተልን ገና ጥቂት ወራችን ነበር።

እንግዲህ ድሬ ላይ ምስክር መሆን እንዴት ነው? እስቲ ይህን እናስብ። ነገ ጠዋት በቴሌግራም ቪዲዮ ይደርስሃል፤ «አሁን ሳቢያን ላይ» ይላል። ጭስ አለ፣ የሚሮጥ ሰው አለ። ጣትህ ሼር ላይ ሳትደርስ ድምፁን ጨምረህ ስማው። የሚጮኹት ሰዎች በምን ቋንቋ ነው የሚጮኹት? የድሬ አነጋገር ነው ወይ? የሱቁን ታፔላ አንብበው። ሰዎቹ ሹራብና ጋቢ ለብሰዋል? በእኛ ሙቀት ማን ሹራብ ይለብሳል! ከኋላ ያለው ተራራ የኛ ነው? ጥላው ረጅም ከሆነ ጠዋት ወይም አመሻሽ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ የተላከ ቪዲዮ ረጅም ጥላ ካለው «አሁን» የሚለው ውሸት ነው። ከዚያ ሳቢያን ላለ ዘመድህ ደውል። አንድ ጥሪ ነው። ፎቶ ከሆነ ጉግል ላይ አስገብተህ ብትፈልገው ከዓመታት በፊት ሌላ አገር የወጣ መሆኑን ብዙ ጊዜ ታገኘዋለህ። ኢትዮጵያ ቼክና ሐቅ ቼክ የሚባሉ መረጃ አጣሪዎችም አሉ፤ ገጻቸውን ተመልከት።

አንተ ራስህ ቦታው ላይ ከሆንክ ደግሞ ስትቀርጽ በድምፅህ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ሰፈሩን ተናገር። ሳትቆርጥ ቅረጽ፤ የተቆረጠ ቪዲዮ ለማንም ትርጉም ይመቻል። ዋናውን ቅጂ አስቀምጥ፤ በቴሌግራም ሲላክ ይጨመቃልና ለማስረጃ ደካማ ይሆናል። የሟች ፊት አታሳይ፤ እናቱ መርዶውን ከአንተ ገጽ መስማት የለባትም። የሰልፈኛውንም ፊት ያለፈቃዱ አታውጣ፤ ነገ የሚፈለግበት አንተ በለጠፍከው ምስል ሊሆን ይችላል። ያላየኸውን «ተባለ» በል፤ ማን እንዳለም ጨምር። የአንድን ብሔር ስም ከወንጀል ጋር አታያይዝ፤ ወንጀል የሚሠራ ሰው ስም አለው፣ ሕዝብ ወንጀል አይሠራም። ሕይወትህ ላይ አደጋ ካለ ደግሞ ስልኩን ኪስህ ክተትና ሂድ። የትኛውም ቪዲዮ ነፍስህን አያህልም።

እህቶቼም፣ እናቶቼም፣ ይህ ነገር የወንድ ልጅ ነገር ብቻ አይምሰላችሁ። ገበያ ውስጥ የዋጋውን፣ ሰፈር ውስጥ የውሃውን፣ ጤና ጣቢያ የወረፋውን ነገር ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ተቃውሞ ሁልጊዜ ጎማ ማቃጠል አይደለም። ቧንቧው ሳምንት ሙሉ ሲደርቅ ቀኑን ጽፎ ፎቶ አንስቶ ማውጣት ትልቅ ነገር ነው፤ ባለሥልጣን የሚያፍረው ከጩኸት ይልቅ ከቀንና ከሰዓት ነው።

ከመሰነባበታችን በፊት አንድ ሥራ ልስጣችሁ። የደቻቱን ሌሊት በዓይናቸው ያዩ ሰዎች በየሰፈራችን አሉ፤ ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። በዚያ ሌሊት ስልክ የያዘ ጥቂት ነበር፤ ካሜራ ያለው ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ያዩት ነገር በልባቸው ብቻ ነው ያለው። በዚህ ሳምንት አንዷን እናት፣ አንዱን አባት ቡና ላይ አስቀምጡና ስልካችሁን ከፍታችሁ ጠይቁ፦ ያን ሌሊት የት ነበሩ? ስንት ሰዓት ነበር? በዓይንዎ ያዩት ምንድን ነው፣ ከሰው የሰሙትስ? ፈቃዳቸውን ጠይቁና ቅዱት፤ ቀኑንና ሰፈሩን ጨምራችሁ አስቀምጡት። በአማርኛም ይሁን፣ በኦሮምኛም፣ በሶማልኛም።